የአሥር ሐሙስ ወንፈል እንዲመለስ ስለ መጠየቅ

ሰበታ፣ ሰኔ ፲፭ ቀን ፲፱፻፷፩ ዓ.ም.

ለክቡር ቀኛዝማች ወንዳፍራሽ ይመኑ
የጆንያ ፋብሪካ ባለቤትና ለሕግ መምሪያ ምክር ቤት እጩ

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ የምርጫው ሩጫ፣ የሰኔው ብርድና የየመንደሩ የጠጅ ግብዣ ተባብረው ጤናዎን እንዳይጎዱብን ያለኝን ስጋት በታላቅ አክብሮት እገልጻለሁ። ፋብሪካው ከተከፈተ ወዲህ ከመኪናዎ መስኮት ብቻ ያዩት የነበረውን የሰበታን ጭቃ በዚህ አንድ ወር ውስጥ ወርደው ሲረግጡት ስላየን፣ ስለ ጫማዎ ሰፈሩ በሙሉ ተጨንቋል። እኛስ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደኅና ነን። ጭቃውም እንደ ወትሮው ደኅና ነው።

ስሜን ላያውቁት ይችላሉ። በወረዳው ፍርድ ቤት አጥር ሥር ጃንጥላ ዘርግቼ ለባለጉዳይ ማመልከቻ የምጽፍ ዳኜ አበጋዝ የምባል ሰው ነኝ። ከጎጃም መጥቼ እዚህ ከተቀመጥኩ አሥራ ሰባት ዓመቴ ሲሆን፣ በእነዚህ ዓመታት ውስጥ «በታላቅ ትሕትና አመለክታለሁ» ብዬ ያልጻፍኩለት ሹም በዚህ አውራጃ አይገኝም። ዛሬ ግን በሌላ ሰው ስም ሳይሆን በራሴ ስም ስጽፍ የመጀመሪያዬ ነው። ትሕትናው ከእጄ ልማድ የመጣ ስለ ሆነ፣ በዝቶ ቢያገኙት እንዲታገሡኝ እለምናለሁ።

አንደኛ፤ ስለ ንግግርዎ።

በመጋቢት ወር አጋማሽ፣ ከእርስዎ ጋር ለምክር ቤት የሚወዳደሩት የትምህርት ቤታችን መምህር አትክልት በገበያው መካከል ቆመው፣ ቢመረጡ ለቀን ሠራተኛ ከአንድ ብር በታች እንዳይከፈል የሚያዝ ሕግ እንዲወጣ እንደሚከራከሩ፣ ግብርም ብዙ ያለው ብዙ፣ ጥቂት ያለው ጥቂት እንዲከፍል እንደሚጠይቁ ተናገሩ። በፋብሪካዎ ጆንያ የሚሰፉት ሴቶች በቀን አንድ ሽልንግ፣ ማለትም ግማሽ ብር፣ ሸክም የሚሸከሙት ወንዶች ደግሞ ሦስት ስሙኒ የሚያገኙ ስለ ሆነ፣ ይህን ወሬ የፋብሪካው ዘበኛ በር ላይ ሊያስቆመው አልቻለም።

እርስዎም በማግሥቱ ሠራተኛውን በግቢው ሰብስበው ከጆንያ ክምር ላይ ቆመው ያደረጉልን ንግግር እስከ ዛሬ ከጆሯችን አልወጣም። ደመወዝ በሕግ ይወሰን ማለት ወንድምን ከወንድም የሚያለያይ የባዕድ ትምህርት ነው አሉ። «እኛ ቤተሰብ ነን፤ ከአባቶቻችን የወረስነው ወንፈል አለን፤ ዛሬ እናንተ ለእኔ፣ ነገ እኔ ለእናንተ» አሉ። ቀጥለውም፣ ማሽኑ የሚጸዳበትና ሠራተኛው ያለ ክፍያ ወደ ቤቱ የሚሄድበት የሐሙስ ቀን ለአዲሱ መጋዘንዎ ግንባታ በወንፈል እንዲውል ጠየቁ። ሰዉ አጨበጨበ። እኔም ከአጥሩ ውጭ ቆሜ አጨበጨብኩ፤ ዛሬ ሳስበው አፍራለሁ።

የተሸካሚዎቹ ሽማግሌ ኦቦ ነገሳ ግን ማጨብጨቡን ትተው ተነሡና «ጌቶች፣ ወንፈል ነው ያሉት? እኛ ዘንድ ወንፈል ቀልድ አይደለም እኮ» ብለው እንደ ጠየቁዎት አይረሱትም። «ወንፈል ነው፤ ቃሌ ቃል ነው» ብለው መለሱላቸው። እርሳቸውም በኦሮምኛ መረቁ፣ ሰዉም ይሁን ሲል «ሃ ተኡ» ብሎ ተቀበለ። ለዚህ በሰነድና በቴምብር ከተጻፈ ውል ይልቅ ጽኑ ለሆነ ቃልዎ፣ ምስጋናችን እጅግ የላቀ ነው።

ሁለተኛ፤ ስለ ወንፈል ምንነት።

ክቡርነትዎ የምርጫ ምልክትዎ አድርገው የመረጡት ሞፈርና ቀንበር ስለ ሆነ፣ የእርሻን ሥርዓት ለእርስዎ ማስረዳት ለአንበሳ ሥጋ መብላትን እንደ ማስተማር ይቆጠርብኛል ብዬ ፈርቼ ነበር። ሆኖም ከሰሞኑ ሁኔታዎ፣ ሞፈሩን የሚያውቁት በምልክቱ ወረቀት ላይ ብቻ እንደ ሆነ ስለ ተረዳን ጥቂት ልበል። ነገሩን ደቦ ብለውት ቢሆን ኖሮ፣ ደግሰው አብልተውና አጠጥተው፣ ተመርቀው በሸኙን ነበር፤ ማንም ምንም አይልዎትም ነበር። ወንፈል ግን የሚመለሰው በድግስ አይደለም። ቀን የበላ ቀን ይመልሳል። እኔ ማሳህ ላይ አንድ ቀን ከዋልኩ፣ አንተ የእኔ ማሳ ላይ አንድ ቀን ትውላለህ፤ ካልተመቸህ ሰው ትልካለህ። ጌታ ነኝ፣ ቀኛዝማች ነኝ፣ ለፓርላማ እወዳደራለሁ የሚል ሰበብ በዚህ ሥርዓት ውስጥ ስለ መኖሩ ሽማግሌዎቹን ጠይቄ ነበር። ሽማግሌዎቹ ሲስቁ ውለው የለም አሉኝ።

ሦስተኛ፤ ስለ ሥራው።

ከመጋቢት አሥራ ስምንት እስከ ግንቦት ሃያ አንድ ድረስ አሥር ሐሙስ ተሠርቶልዎታል። ድንጋይ ከወንዝ ተግዟል፣ ጭቃ ተረግጧል፣ ግድግዳ ተመርጓል፣ ቆርቆሮም ተመቷል። ከአሥሩ አንዱ ጸሎተ ሐሙስ ነበር። ጌታችን ዝቅ ብሎ የደቀ መዛሙርቱን እግር ባጠበበት በዚያ ቀን፣ የእርስዎ ሠራተኞች እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ውስጥ ገብተው ሲረግጡ ዋሉ። እግራቸውን ለማጠብ እርስዎ ጎንበስ ይላሉ ብሎ የጠበቀ ሰው አልነበረም። ይሁንና የመጋዘኑ በር ቁልፍ እንደ ገባለት በቦታው የነበሩት ሁሉ ያለ ምርቃት ከበሩ መባረራቸው፣ ይህም የቤተሰብ ወግ ከሆነ፣ አዲስ ወግ ስላስተማሩን እናመሰግናለን።

አራተኛ፤ ስለ ድንቅቱ።

እስካሁን የጻፍኩትን እንደ ቀልድ ቢያነቡት ቅር አይለኝም። ይህን ግን በሚገባ ተቀምጠው እንዲያነቡልኝ እጠይቃለሁ።

ድንቅቱ በፋብሪካዎ ጆንያ የምትሰፋ፣ ባሏ ከሞተ ሁለት ዓመት የሆናት ሴት ናት። በፉሪ ተዳፋት ላይ በጢሰኝነት የምታሳርሳት አንዲት ቁራጭ መሬት አለቻት። በሬ የላትም። በሬ ያለው ጎረቤቷ ኢተፋ አንድ ቀን ሲያርስላት፣ እርሷ ሁለት ቀን ማሳው ላይ ስትኮተኩት ወይም ስታርም ትውልለታለች፤ የአገሩ ልክ እንዲህ ነው። ሌላውን ቀን ሁሉ ለፋብሪካው ስለምትሠራ፣ ለኢተፋ የምትከፍለው ሐሙስን ነበር። ሐሙሱን እርስዎ ወሰዱት። ኢተፋም ክፉ ሰው ሆኖ ሳይሆን፣ «እቴ ድንቅቱ፣ ሐሙስሽን ቀኛዝማች ጋ ካደረግሽው እኔ በሬዎቼን ለሌላ ሰው ልስጥ» ብሎ እውነቱን ነገራት። አሥሩ ሐሙስ አለፈ፤ መሬቷ አንድ ጊዜ እንኳ ሳይታረስ ሰኔ ገባ። የባለርስቱ ምስለኔ ደግሞ መሬቱ እስከ ሰኔ መጨረሻ ካልታረሰ ለሚያርስ ሰው እንደሚሰጠው አስታውቋታል። እንግዲህ ነገሩ ይኸው ነው፤ የእርስዎ መጋዘን የቆመው በድንቅቱ ጤፍ ላይ ነው።

በግንቦት መጨረሻ ወደ ጃንጥላዬ መጣችና «ጋሼ ዳኜ፣ ቀኛዝማችን በወንፈል ረድቻቸዋለሁ፣ አሁን ተራው የእኔ ነው፣ ጥሪ ጻፍልኝ» አለችኝ። ጻፍኩላት። ቃሉ እንዲህ ይላል፤ «ጌታዬ ሆይ፣ አሥር ሐሙስ በወንፈል ረድቼዎታለሁ። በመጪው ሐሙስ ፉሪ ካለው ማሳዬ ላይ ከጥንድ በሬ ጋር ይምጡልኝ። ራስዎ ባይመችዎ ሰው ይላኩልኝ።» የጽሕፈት ዋጋ አልቀበልም ብላት ሦስት እንቁላል ጠረጴዛዬ ላይ ትታ ሄደች። ኃጢአቴን ልናዘዝና፣ ያን ደብዳቤ ስጽፍ እየሳቅኩ ነበር። አንድ ሀብታም በንግግሩ ሲያዝ ለማየት ጓጉቼ ነበር። እርሷ ግን አልሳቀችም፤ ይመጣሉ ብላ ከልቧ አምናለች። የሐሙሱ ዕለት ለአራሾቹ ጠላ ጠምቃ፣ ንፍሮ ቀቅላ፣ ከማሳዋ ዳር ተቀምጣ ወደ መንገዱ ስትመለከት እንደ ዋለች ኢተፋ ነግሮኛል።

እርስዎ ደብዳቤውን ለእንግዶችዎ እያነበቡ ሲሳሳቁ አመሹ። ይህ አይከፋኝም፤ የጻፍኩት እንዲያስቅ ነበርና። ዓርብ ጠዋት ግን ድንቅቱ ወደ ሥራዋ ስትመጣ ዘበኛው «ጌታዋን የደፈረች ስለ ሆነች እንዳትገባ ታዟል» ብሎ መለሳት። ሽልንጉም ቀረ፣ መሬቱም ሊሄድ ነው። ያባረሯት እርስዎ ነዎት፤ ብዕሩን የያዝኩት ግን እኔ ነኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ ጃንጥላዬ ሥር ስቀመጥ ደስ ብሎኝ አያውቅም። ያቺን የመሰለች የዋህ ሴት ለሁለት ጌቶች ጨዋታ አሳልፌ ሰጥቻለሁ፤ አንዱ ጌታ እርስዎ፣ ሌላው በብዕሬ የምኮራው እኔ።

አምስተኛ፤ ስለ ክርክርዎ።

የአንድ ብሩን ሕግ በመቃወም በየቦታው ያቀረቡልን ምክንያቶች ብዙ ስለ ሆኑ ሁሉንም ማመስገን አልቻልኩም። እዚህ ሰበታ ላይ፣ ደመወዝ ከተጨመረ ፋብሪካውን ነቅዬ ቡራዩ እወስደዋለሁ አሉን፤ ፈራን። ቡራዩ ወርደው ደግሞ፣ ብትመርጡኝ ፋብሪካውን አመጣላችኋለሁ፣ ሆኖም ከሰበታ ያነሰ ደመወዝ ካልተቀበላችሁ ሱሉልታ እወስደዋለሁ እንዳሏቸው ከዚያ የመጣ ሰው ነገረን። ሱሉልታ ምን እንዳሉ ገና አልሰማንም፤ ሆኖም ሰው ሳይሆን ፋብሪካው ራሱ በየገበያው ለቅጥር ሲዞር ያየነው በእርስዎ ዘመን ነው።

ሠራተኛ ብዙ ከተከፈለው ይጠጣበታል ማለትዎንም ሰምተናል። ይህን ያሉት በሦስተኛው የጠጅ ግብዣዎ ላይ ስለ ነበር፣ የመጠጥን ጉዳት በሚገባ ከሚያውቅ ሰው የተሰጠ ምክር አድርገን ተቀብለነዋል። ስለ ግብሩም፣ አምስት ጣት እኩል አይደለም፣ ሁሉን እኩል ለማድረግ መሞከር ከፈጣሪ ጋር መጣላት ነው ብለዋል። መምህር አትክልት ግን ጣቶች ሁሉ እኩል ይሁኑ አላሉም። ረጅሙ ጣት ጥቂት ይበልጥ ይሸከም ነው ያሉት። ከዚህም በላይ፣ ጣት እኩል አለመሆኑን እኛም እናውቃለን፤ ነገር ግን ጉርሻ ሲነሣ ትንሿ ጣት አብራ ደክማ ስታበቃ «አንቺ አጭር ነሽ» ተብላ ከገበታ የተባረረችበት ቤት እስካሁን አላየንም።

በእውነቱ ለመናገር፣ መምህሩም ቢሆኑ እንከን የለባቸውም አልልም። ንግግራቸው ይረዝማል፤ ስለ ውጭ አገር ሕግ ማውራት ሲጀምሩ ገበያተኛው በጉን እየጎተተ ይሄድባቸዋል። ቢያሸንፉም በምክር ቤቱ ውስጥ ከብዙ ባለርስት መካከል ብቻቸውን ቆመው ምን ሊያደርጉ እንደሚችሉ አላውቅም። ነገር ግን እርሳቸው ያልኩትን እመልሳለሁ የሚሉ ሰው ናቸው። ይህን የምለው ባለፈው ዓመት የተዋሱኝን መጽሐፍ ሳልጠይቃቸው ስለ መለሱልኝ ነው።

ስድስተኛው አቤቱታ በመጋዘኑ ሥራ ላይ ስለ ቀረበው ጠላ መቅጠን ነበር። በጉዳዩ ክብደት ማነስ ትቼዋለሁ።

ስለዚህ ክቡር ሆይ፤ ድንቅቱ ከተባረረች ወዲህ አርባ ሦስት ሠራተኞች ወደ ጃንጥላዬ መጥተው የወንፈል ተራቸውን አስመዝግበዋል። ሁሉም አሥር አሥር ቀን አላቸው። እንደ ልማድዎ በየሐሙሱ ብቻ እየመጡ ቢመልሱልን፣ ሥራው ስምንት ዓመት ከጥቂት ወራት ይፈጃል። የምክር ቤቱ ዘመን አራት ዓመት ስለ ሆነ ሁለት ጊዜ መመረጥ ያስፈልግዎታል ማለት ነው፤ የተረፈውን ጥቂት ሐሙስ ሠራተኛው ይቅር ብሎዎታል። ዕጣ ለመጣል ተቀምጠን ሳለ ኦቦ ነገሳ፣ ዕጣው ከመውጣቱ በፊት የመጀመሪያው ቀን ለድንቅቱ ይሁን ቢሉ አንድም ሰው አልተቃወመም።

እንግዲህ ሐሙስ ሰኔ ሃያ ስድስት ቀን ጠዋት በፉሪ ተዳፋት፣ ከድንቅቱ ማሳ ላይ እንዲገኙልን በአክብሮት ተጠርተዋል። ኢተፋ በሬዎቹን ይዞ ይመጣል፤ ነገር ግን አንድ ጥንድ በሬ ያን ያልተነካ መሬት በአንድ ቀን ሊጨርሰው ስለማይችል የእርስዎ ጥንድ የግድ ያስፈልጋል። ሰው የሚልኩ ከሆነም ይፈቀዳል። ድንቅቱንም ወደ ስፌቷ እንዲመልሷት እንጠይቃለን። ይህ የማይሆን ከሆነ ሌላ ቀላል መንገድ አለ። በገበያው መካከል ቆመው፣ ያ አሥር ሐሙስ ወንፈል አልነበረም፣ ሥራ ነበር፤ ሥራም ዋጋ አለው ይበሉን። ቤተሰብ ከሆንን ማሳችንን ይረሱልን፣ ሠራተኛ ከሆንን ይክፈሉን። ሁለቱንም አይደላችሁም ከተባልን ግን፣ ምን እንደ ሆንን ራስዎ ቢነግሩን ይሻላል።

ሐሙስ ባይመጡ ማንም ክፉ ቃል አይናገርዎትም። ሰዉ የምርጫ ምልክትዎን ቀንበር ትቶ በኢተፋ ቀንበር ያርሳል፤ የቀረውን በመቆፈሪያ ይቆፍራል፤ ድንቅቱም ንፍሮዋን ታቀርባለች። ከዚያ በሁለተኛው ቀን፣ ቅዳሜ ሰኔ ሃያ ስምንት፣ የምርጫው ዕለት እርስዎ ደግሞ ይጠሩናል። በእግራችሁ መጥታችሁ፣ ሰልፍ ይዛችሁ፣ ድምፃችሁን ስጡኝ ይሉናል። ያም የአንድ ቀን ሥራ ነው፤ ከፉሪ እስከ ምርጫው ጣቢያ በጭቃ መምጣት ነው። በወንፈል ሥርዓት ግን የበላውን ያልመለሰ ሰው ሁለተኛ አይጠራም። ቢጠራም ሰው ጆሮ የለውም።

እጅ የምነሣዎት፣ ከፍርድ ቤቱ አጥር ሥር ያለሁ፣ ለክብርዎ የማይተኛ፣ የጃንጥላዬ ቦታ ከነገ ጀምሮ ለሌላ ሰው እንደሚሰጥ ከወዲሁ የተነገረኝና ስለዚሁም የማመሰግንዎ ትሑት አገልጋይዎ

ዳኜ አበጋዝ
ማመልከቻ ጸሐፊ

ግልባጭ፤
ለመምህር አትክልት፣ ንግግራቸውን እንዲያሳጥሩ ከሚል ምክር ጋር፤
ለኦቦ ነገሳ፣ ለምስክርነት፤
ለፋብሪካው ዘበኛ፣ ማንበብ ስለማይችል በቃል የተነበበለት፤
ለገበያው ግንድ፣ በምስማር።

ማስታወሻ፤ ደብዳቤውን ፈርሜ ከጨረስኩ በኋላ ደስ የሚል ወሬ ደረሰኝ። የዕጣው ወሬ ከደብዳቤዬ ቀድሞ ደርሶዎት ኖሮ፣ ትናንት በገበያ ቀን የእርስዎ ወኪል ከአራሾች መካከል እየዞሩ፣ ለሐሙስ አንድ ሰውና አንድ ጥንድ በሬ ሲያፈላልጉ ነበር አሉ። ሰው ለመላክ ማሰብዎ አስደስቶናል። አራሾቹ ለሰው አንድ ብር፣ ለእያንዳንዱ በሬም አንድ አንድ ብር ጠየቁ። ወኪልዎ በጠቅላላው ብር ከስሙኒ ሰጥተው፣ ከአንዱ ወደ ሌላው እየሄዱ እስከ ማታ ቢከራከሩም ሁሉም በአንድ ቃል ከዚህ በታች በሬ አንጠምድም ብለው መለሱዋቸው። ዝቅተኛ ዋጋ መወሰን የባዕድ ትምህርት ነው ያሉትን አስታውሼ፣ የሰበታ አራሾች ይህን የት ተማሩት ብዬ ስጠይቅ፣ በሬው እንዳይሞትባቸው ብለው መሆኑን ነገሩኝ። እንግዲህ በአገራችን በሬ ለአንድ ቀን አንድ ብር ያወጣል፤ ድርቆሹም በአሠሪው ነው። ድንቅቱ ሽልንግ ታገኝ ነበር፤ ምሳዋንም ከቤቷ ትይዛለች። ስለዚህ ክቡር ሆይ፣ መምህር አትክልት ሰውን ሁሉ እኩል ሊያደርጉብን ነው ብለው እንቅልፍ እንዳያጡ እለምንዎታለሁ። እርሳቸው የጠየቁት ድንቅቱን ከእርስዎ ጋር እኩል ለማድረግ አይደለም። ከበሬው ጋር ነው።